ግማሽ ሚሊ

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ኖሬ፣
ጡረታ ስወጣ ጊታር ሰበሰብሁ ከየሰገነቱ ዞሬ።
አሥራ አንድ ናቸው። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤
ደረታቸው እንደ ቫዮሊን ተፍቆ ጎበጥ ብሏል።
ለጃዝ የተሠሩ፣ ለጭስና ለጨለማ ምድር ቤት፣
አሁን አቧራ እጠርግላቸዋለሁ ጠዋት ጠዋት።

ሂልትሩድ፣ ሚስቴ፣ ድንች እየላጠች፣
"አትመታቸው፣ አትሸጣቸው፣ ምንህ ናቸው?" አለች።
ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ጣቴ እንቢ ይላል፤
ዓይኔ ግን ያያል።

አሥራ አንደኛው የመጣው ከባምበርግ ነው፣ ከአንዲት መበለት ቤት፣
ባሏ ሠርግ ለሠርግ ሲመታው ኖሮ አልጋ ሥር የቀረበት።
"ሠላሳ ዓመት ተኛ፤ ከሟቹም እንቅልፉ ይብሳል" አለች፣
ገንዘቡን ሁለቴ ቆጥራ ሳጥኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋች።

ውስጡ ወረቀት ተለጥፏል፦ ቬንዝል ሩስነር፣ ቡቤንሮይት፣
ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት።
ከቦሄሚያ ሲባረሩ አንድ ሻንጣ ብቻ የተፈቀደላቸው፣
መሮና መላጊያ በሕፃን ልብስ ጠቅልለው የተሻገሩ ሰዎች ናቸው
ያንን መንደር ያቆሙት፤ እንጨት በጠፋበት ዘመን
ከፈረሰ ቤት ወለል፣ ከአልጋ ራስጌ ድምፅ የፈለቀቁልን።

አንድ ማታ የድሮ ሥራዬን ባለ ዘንግ መስታወት አወጣሁ፣
እንደ ኤፍ በተቆረጠው ቀዳዳ ቀስ አድርጌ አስገባሁ።
መንጋጋ እንደማይ አየሁት፦ ሙጫውን፣ ስንጥቁን፣ የጎኑን መጋጠሚያ፤
ከደረቱ ሥር፣ በወፍራሙ ክር በኩል፣ ብርሃን በማይደርስበት ጉያ፣
የእርሳስ ጽሑፍ። መስታወት ፊደል ይገለብጣልና ሦስቴ አነበብሁት፦
"እዚህ ጋ ግማሽ ሚሊ መፋቅ ይቀረዋል። አባባ ቸኮለ። ይቅርታ። ቴክላ።"

ፎርክሃይም አገኘኋት፣ በአረጋውያን ቤት።
ሰላምታ እንኳ ሳትመልስ በጣቷ አንጓ ደረቱን መታ መታ አደረገች፣
ከቀጭኑ ክር ወደ ወፍራሙ ሄደች፣ ቆመች።
"እዚህ ጋ ደንቁሯል። አውቃለሁ፤ ፋቂዋ እኔ ነበርሁ፤
ጦርነቱ የአባባን ሁለት ጣት ወስዶ መሮውን እኔ ወረስሁ።
ስም የእሱ፣ ክንድ የእኔ። ገዢው ዓርብ መጣ፤
እኔ ቅዳሜ ብዬ ነበር። በቃ፣ ሳያልቅ ወጣ።"
ቀና ብላ አየችኝ። "ክፈተው" አለች።

ላቤ መጣ። ሰብሳቢ ነኝ፤ ያልተነካ ዋጋው ሌላ፣
የተከፈተ ዋጋው ሌላ።
አርባ ዓመት "ይክፈቱ" ስል የኖርሁ ሰው፣
ያን ቃል እኔው ስባል፣ አፌ ነው የተዘጋው።

ኢግናዝ የሚባል ወጣት በሙቅ ቢላ ሙጫውን አላቀቀ፤
ክፍሉን የአሮጌ ጥድ ሽታ አጥለቀለቀ።
ቴክላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በዳበሳ ትፍቅ ጀመር፤
ሲንቀጠቀጥ የዋለ እጇ፣ ብረቱ እንጨት ሲነካ ቀጥ ይል ነበር።
ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲረግፍ ነው የነቃሁ፦
የምትፍቀው ጽሑፉን ነው! "ቆይ" ልል አፌን ከፈትሁ፤
"አባባ" ሄደ፣ "ቸኮለ" ሄደ፣ "ይቅርታ" ተጠቅልሎ ወደቀ፤
"ከእንግዲህ ምን ይሠራል?" አለች። እፍ አለችበት። አለቀ።

ከሳምንት በኋላ ኢግናዝ ክር ወጥሮ አንድ ኮርድ መታ።
"ልዩነቱን ሰማህ?" አለችኝ ዓይኗን ጨፍና ቆይታ።
"ሰማሁ" አልሁ።
ዋሸሁ።

ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አሥር ናቸው፣ አንድ ምስማር ባዶ።
አሥራ አንደኛውን ኢግናዝ ዓርብ ዓርብ ይመታዋል፣ ኑረንበርግ ወርዶ።
እኔ ጋ የቀረችው ለሕፃናት የወተት ጥርስ የምሰጣት ዓይነት ትንሽ ፖስታ ናት፤
ስድስት ፍቅፋቂ ጥድ አለባት፣
በአንዷ ላይ "ይቅ" የሚል ይነበባል።

"ይኼስ ምንህ ነው?" አለች ሂልትሩድ፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ።
መስታወቱን አቀበልኋት።